ከመሰካቱ በፊት

ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ «ፔዳ» ያለ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም። ቃሉ የምን ቁራጭ እንደሆነ ለማሰብ ሹፌሩም ተሳፋሪውም ጊዜ የላቸውም። ሙሉ ስሙ የባሕር ዳር ፔዳጎጂ አካዳሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት፣ ዩኔስኮ እና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በሦስትዮሽ ስምምነት መሠረቱት፤ በማግሥቱ ዓመት ሥራ ጀመረ። የታሰበውም የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠሩ ኑሮ ጋር የሚያዛምዱ የመምህራን አሠልጣኞችን፣ ሱፐርቫይዘሮችንና የጎልማሶች ትምህርት መሪዎችን ለማፍራት ነበር። ከተማው ይህን ሁሉ ለደብዳቤ ራስጌ ትቶ ለራሱ ሁለት ፊደል አስቀረ።

ፖሊም እንደዚሁ ነው። ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ፔዳን በዘጠኝ ዓመት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ትብብር ተቋቁሞ በእርሻ መካኒክ፣ በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ በብረታ ብረት፣ በጨርቃጨርቅ፣ በኤሌክትሪክና በእንጨት ሥራ ያሠለጥን ነበር። በ1964 ደግሞ የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ኃይል ማመንጫ በ11.4 ሜጋዋት ሥራ ጀመረ። ፖሊና ፔዳ ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተብለው የተመረቁት ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። አንዱ በምሥራቁ፣ ሌላው በተባበሩት መንግሥታት እርዳታ የቆሙ ሁለት ግቢዎች በአንድ ማኅተም ሥር ገቡ።

ይህን ያህል ዕድሜ ያለው የመንግሥት ተቋም፣ የትም ይሁን የት፣ ንብረት ክፍል አለው፤ ንብረት ክፍሉም ማንም የማይደርስበት የኋላ መደርደሪያ አለው። ዕቃ በሞዴል 19 ይገባል፣ በሞዴል 22 ይወጣል። መዝገቡ ለወንበርና ለጠረጴዛ ይበቃል፤ «የኮምፒውተር ካርድ፣ ብዛት 1» ለሚለው ግን አይበቃም። ካርዱ ምን እንደሚሠራ፣ ከየትኛው መሣሪያ እንደተነቀለ፣ ማን እንዳመጣው አይገልጽም። ያመጣው ሰው ጡረታ ከወጣ ወይም አገር ከለቀቀ ቀሪው መንገድ የታወቀ ነው፦ የማስወገጃ ኮሚቴ፣ ጨረታ፣ ከዚያም ኪሎ። ከየሰፈሩ «ቁራሌው!» እያለ የሚያልፈው ነጋዴ ለቦርድ ታሪክ አይከፍልም። መርካቶ ምናለሽ ተራም ቢደርስ የሚታየው መዳቡና በካርዱ ጫፍ ባሉት ጥርሶች ላይ የተቀባው ስስ ወርቅ ነው።

ቁራሌው ግን መወቀስ የለበትም። ሰውን ጨረቃ ላይ ካደረሰው የአፖሎ ፕሮጀክት ኮምፒውተሮች አንዱ የተረፈው በቁርጥራጭ ንግድ መንገድ ነው። በ1970ዎቹ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) አንድ ቴክሳሳዊ ከናሳ የተወገዱ ዕቃዎችን በጅምላ ሲገዛ ከመካከላቸው የአፖሎ መምሪያ ኮምፒውተር ተገኘ። መሣሪያው አሥርት ዓመታት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ ከ2018 ጀምሮ ማርክ ቨርዲየል፣ ካርል ክላንች፣ ማይክ ስቱዋርትና ኬን ሺሪፍ የተባሉ መሐንዲሶች ሥራዬ ብለው ያዙት፤ ጨረቃ ላይ የታረፈበት 50ኛ ዓመት በ2019 ሲከበርም እየሠራ ነበር። ቋሚ ማስታወሻው 36,864 ቃል፣ ተለዋዋጩ ደግሞ 2,048 ቃል ብቻ ነው፤ ዛሬ ኪስ ውስጥ ባለ ስልክ ላይ የአንዲት ፎቶ ጥግ አይሞላም። ከሁሉ የሚገርመው ግን የሰዎቹ ትዕግሥት ነው። ሶኬት ከመፈለጋቸው በፊት ክፍሎቹን አንድ በአንድ አውጥተው ለኩ። አንዱ የማስታወሻ ክፍል በሙጫ በተሞላው ሆዱ ውስጥ የተበጠሰ ሽቦ ስለነበረው በምትኩ ሌላ መሣሪያ አቁመው ቀጠሉ።

አሮጌ ቦርድ የመመርመር ሙያ ትልቁ ፈተና መሰካት ነው። ዕቃው እጅ ሲገባ «ይሠራ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ጣትን ወደ ማብሪያው ይስባል። ብዙ ቦርድ የሞተው በእርጅና ሳይሆን በዚያች ሰዓት ነው።

ስለዚህ ቦርድ መጀመሪያ ይነበባል። በአብዛኞቹ አይሲዎች፣ ማለትም በቦርዱ ላይ በተደረደሩት ባለ እግር ጥቁር ክፍሎች ጀርባ ላይ ከስማቸው ሌላ አራት አኃዝ አለ። 8623 የሚል ከሆነ በ1986 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሠላሳ አይሲ የተደረደረበት ቦርድ ሠላሳ ቀን ተጽፎበታል፤ ቦርዱ ፋብሪካውን የለቀቀው ከመጨረሻው ቀን በኋላ ነው። ሃያ ዘጠኙ 1986 ብለው አንዱ ብቻ 1991 ካለ ደግሞ ከፋብሪካ በኋላ ጠጋኝ እጅ ገብቷል። የብራና መጻሕፍት ተመራማሪ በኅዳጉ ላይ የሌላ ጸሐፊ እጅ ሲያይ የሚያስበውን እዚህም ያስባሉ፦ ማን ነካው? ምን ጎድሎት ነበር?

ቀጥሎ የኤሌክትሪኩ መግቢያ ይፈለጋል። ሥዕላዊ መግለጫ ለሌለው ቦርድ መፍቻው አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ትንሽ አይሲ ነው። 7400 እና አብዛኞቹ ባለ 14 እግር ዘመዶቹ በሰባተኛው እግር ኔጌቲቩን፣ በ14ኛው ደግሞ 5 ቮልት ይቀበላሉ። ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ ሰባተኛው እግር ላይ፣ ሌላውን በቦርዱ ጥርሶች ላይ አንድ በአንድ ማስኬድ ነው። ጢጥ ያለው ጥርስ ኔጌቲቩ ነው። በ14ኛውም እንዲሁ። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ምንም ነገር አልተሰካም፣ ምንም አልተቃጠለም።

ግን ወጥመድ አለ። ባለ 16 እግር አይሲዎች በልማድ ስምንተኛውን ለኔጌቲቭ፣ 16ኛውን ለፖዘቲቭ ይሰጣሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በየኮምፒውተሩ የነበረው 4116 የተባለው የማስታወሻ አይሲ ይህን ልማድ ገልብጦታል፦ 16ኛው ኔጌቲቭ፣ ስምንተኛው 12 ቮልት፣ ዘጠነኛው 5 ቮልት፣ የመጀመሪያው ከዜሮ በታች 5 ቮልት ነው። ይህ ከዜሮ በታች ያለው ቮልት ሳይኖር 12ቱ ከገባ አይሲው ሊቃጠል ይችላል። የኢንቴል 8080 ፕሮሰሰርና 2708 የተባለው ሮምም (ቋሚ ማስታወሻ) ሦስት ዓይነት ቮልት ይፈልጋሉ። «ያው 5 ቮልት ነው» ብሎ የሰካ ሰው በ1976 የተሠራ ቦርድ ፊት ይቅርታ የለውም።

ከዚያ ዓይንና አፍንጫ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ በተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ሰዓቱን የሚያቆይ፣ በርሜል የመሰለ ትንሽ ባትሪ ተበይዶ ነበር። የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነው፤ ሲያረጅ ያፈሳል። ፈሳሹ በቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ላይ እየሄደ አረንጓዴ ያደርጋቸዋል፣ ቀጥሎም ይበጥሳቸዋል። ለብዙ ዓመት ከተቀመጠ ማዘርቦርድ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ባትሪው ወጥቶ ቦታው በኮምጣጤ ታጥቦ፣ ከዚያም በንጹሕ አልኮል ደርቆ ይታያል። የተበጠሰ መስመር ካለ በፀጉር በሚያህል ሽቦ ይቀጠላል። በክረምት እርጥበት በሚያዝበት ክፍል የከረመ ቦርድ ላይ ይህ ፍተሻ ሁለት ጊዜ ቢደረግ አይበዛም።

ካፓሲተሮችም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። የእንባ ጠብታ የመሰሉት ብርቱካናማ ወይም ሰማያዊ ታንታለሞች ሲሞቱ ሾርት ይሆናሉ፤ አንዳንዴም ከትንሽ ፍንዳታና ነበልባል ጋር። ስለዚህ በእያንዳንዱ የቮልት መስመርና በኔጌቲቩ መካከል ያለው ሬዚስታንስ ይለካል። ዜሮን የተጠጋ ከሆነ መሰካቱ ይቆያል።

የመብራቱ ተራ ሲደርስ የድሮ ራዲዮ ጠጋኝ የሚያውቃት ዘዴ እስካሁን ተወዳዳሪ የላትም። ባለክር አምፖል ከዕቃው ጋር በተርታ ይታሰራል፤ 220 ቮልቱ አምፖሉን አልፎ ነው ወደ ዕቃው የሚደርሰው። ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ኃይሉን ሁሉ ለራሱ ይወስዳል፤ ዕቃው ይተርፋል። ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። ዘዴዋ በከባድ ትራንስፎርመር ለሚሠራ ፓወር ሰፕላይ የተሻለች ናት። የኮምፒውተሮቹ ዓይነት ግን አምፖሉ ሲያንቀው ይንተባተባል፤ ጭነት ካላገኘም አንዳንዱ ጭራሽ አይነሣም። ለዚያ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ወይም የመኪና አምፖል አስሮ ለብቻው መሞከር ይሻላል፤ ቦርዱ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ይጠብቅ።

አሜሪካ አገልግሎ የመጣ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኋላው አንዲት ቀይ መቀያየሪያ አለችው፤ 115 እና 230 ትላለች። በ115 እንደቆመች እኛ አገር ሶኬት ላይ የተሰካ ስንት ዕቃ በአንድ «ጧ!» እንዳለቀ የጠጋኞች ወንበር ይመስክር።

ኤሌክትሪክ አገር አለው። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ሁለት አይቢኤም 1401 ኮምፒውተሮችን ነፍስ ዘርቶባቸዋል። ሞዴሉ በ1959 ይፋ የሆነ፣ ክፍል የሚሞላ መሣሪያ ነው። ከሁለቱ አንዱ የመጣው ጀርመን ውስጥ ሐም ከተባለች ከተማ ነበር። ጡረታ የወጡ መሐንዲሶች በ2004 ሥራውን ሲጀምሩ ያጋጠማቸው አንዱ ጣጣ ከመሣሪያው ጋር አልተያያዘም፤ ጀርመን በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ስትጠቀም አሜሪካ 60 ትጠቀማለች። ጀርመን ያደገው ኮምፒውተር አሜሪካ ውስጥ እንዲሠራ 50 የሚሰጥ መቀየሪያ ተገዛለት። ባሕር ዳር ቢመጣ ኖሮ ይህ ችግር አይነካውም ነበር፤ ከጢስ ዓባይ የሚመጣውም 50 ነው።

የምሥራቁና የምዕራቡ ልዩነት ከዚህም ይረቃል። አሜሪካኖች የአይሲን እግሮች በአንድ ኢንች አሥረኛ ያራርቋቸዋል፤ 2.54 ሚሊሜትር ነው። ኢንች የማያውቁት ሶቪየቶች ቁጥሩን አጠጋግተው 2.5 አደረጉት። 0.04 ሚሊሜትር ምን አላት? በባለ 14 እግር አይሲ ላይ ማንም አያስተውላትም። የ8080 ቅጂ የሆነው ባለ 40 እግሩ የሶቪየት ፕሮሰሰር ካር580 ላይ ግን በአንድ ጎን በ19ኙ ክፍተቶች ተደምራ 0.76 ሚሊሜትር ትሆናለች፤ የአሜሪካ ማቆሚያ ውስጥ እግር ሳይጣመም አይገባም። ይህን የማያውቅ መርማሪ አይሲው የተጣመመ መስሎት ይገፋል፣ ይሰብራልም። ካ155 የተባለው ተከታታይ በበኩሉ የአሜሪካውን 7400 ቤተሰብ በሥራም በእግር ቅደም ተከተልም ይከተላል። ጽሑፉ የሩስያ ቢሆንም ሰባተኛው ኔጌቲቭ፣ 14ኛው 5 ቮልት ነው፤ ያ የአሥር ደቂቃ የቴስተር ሥራ እዚህም ያገለግላል። የሶቪየት መምህራን ያሠለጠኑበት ፖሊ ያለባት ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለው አይሲ ቢገኝ የሩስያ ፊደል የሚያነብ ሽማግሌ መፈለግ ከሁሉ ይቀላል።

ቮልቱ ልክ ሆኖ ምንም የማይናገር ቦርድ ሲያጋጥም ፕሮሰሰሩን ለብቻው የመጠየቂያ ብልሃት አለ። ዚሎግ በ1976 ያወጣው ዜድ80 ስምንቱም የዳታ እግሮቹ ዜሮ ከሆኑ «ምንም አታድርግ፣ እለፍ» የሚል ትእዛዝ ያነባል። ስለዚህ ከማስታወሻው ተለይቶ እግሮቹ በሬዚስተር ወደ ኔጌቲቭ ይታሰራሉ። ፕሮሰሰሩ ትእዛዙን ከአድራሻ ዜሮ ያነባል፣ ያልፋል፤ ከአንድ ያነባል፣ ያልፋል፤ 65,535 ደርሶ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በዝግታ እንዲሄድ ተደርጎ በአድራሻ እግሮቹ ላይ ትንንሽ መብራቶች ቢታሰሩ፣ እያንዳንዱ መብራት ከጎኑ ካለው በግማሽ ፍጥነት እየበራ እየጠፋ ይታያል። ምንም ባለመሥራት ጤንነት የሚረጋገጥበት ሌላ ሥራ ያለ አይመስልም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ለአብዛኛው ቦርድ መልሱ «ለመዝናኛ» ነው፤ ማፈርም አያስፈልግም። ለአንዳንዱ ግን ሌላ መልስ አለ። ከባሕር ዳር በጀልባ ቅርብ በሆነው በክብራን ገብርኤል ገዳም በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወይም በ15ኛው መጀመሪያ የተሠራ ባለ ሥዕል ወንጌል አለ። ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 ጣና ላይ እየዞረ የገዳማቱን መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሲያነሣ ብራናው የጠየቀው ብርሃንና ግዕዝ የሚያውቅ ዓይን ብቻ ነበር። በ1980ዎቹ በአማርኛ የተጻፈ የኮምፒውተር ሰነድ ከብራናው ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ያንሳል፤ ለመነበብ ግን ያው ዲስክ አንባቢ፣ ያው ፕሮግራም፣ አንዳንዴም ያው ካርድ ያስፈልገዋል።

ምክንያቱ የፊደላችን ብዛት ነው። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ለአንድ ፊደል ስምንት ቢት ይሰጣል፤ ከዚያ የሚወጣው 256 ቦታ ነው፤ ገሚሱን እንግሊዝኛው ይዞታል። የኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚያም ያልፋል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ታይፕራይተር ሲሠሩ፣ ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅም የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሲያዘጋጁ የታገሉት ከዚሁ ብዛት ጋር ነበር። በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩት ፍሥሐ አትላውና ዶክተር አበራ ሞላ ኮምፒውተሩ ላይ ተነሡበት፤ የመጀመሪያው ማን ነው የሚለው ሙግት ዛሬም ቡና ያስፈላል። አጋፋሪ፣ ብራና፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ መጡ፤ በጎጃም የታወቀውን የቅኔ ቤት ስም የሚጋራው ዋሸራም አለ። ሠሪዎቹ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፋፈሉት፤ ቁጥሩን ግን እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ሰጠ። ዩኒኮድ በ1999 በሦስተኛ እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታ እስኪሰጥ ድረስ የአንዱ «ሰላም» በሌላው ላይ የጥያቄ ምልክትና የቅንፍ ክምር ነበር።

እዚህ ላይ ነው ያ «የኮምፒውተር ካርድ፣ ብዛት 1» የሚያጓጓው። አይቢኤም በ1981 ባወጣቸው የስክሪን ካርዶች ላይ የ256ቱ ፊደላት ቅርጽ በካርዱ ሮም ውስጥ የታተመ ነበር። ከፕሮግራም የሚመጣ አዲስ ቅርጽ የሚቀበል ካርድ ኩባንያው ያወጣው በ1984 ነው። ከዚያ በፊት አማርኛን በጽሑፍ ስክሪን ላይ ለማየት የፈለገ ሰው ወይ ፊደሉን እንደ ሥዕል በነጥብ ይሥላል፣ ወይ ሮሙን ነቅሎ የራሱን ይተካል። በገዛ እጅ የተጻፈ ሮም ብዙ ጊዜ በጀርባው የመስተዋት መስኮት አለው፤ በላዩም ተለጣፊ ወረቀት። ወረቀቱ መነሣት የለበትም፦ በመስኮቱ የገባ የፀሐይ ብርሃን በሳምንት ገደማ የተጻፈውን ይሰርዛል፣ የክፍል ፍሎረሰንት ደግሞ በሦስት ዓመት አካባቢ።

እንግዲህ ከቁራሌው የተረፈ አንድ የስክሪን ካርድ ጠረጴዛ ላይ አለ እንበል። የአይሲዎቹ ቀን 1984 ይላል፣ በመስኮቱ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት ሮም ብቻ 1987። ሌላ እጅ ነክቶታል። ሮሙ በጥንቃቄ ተነቅሎ በማንበቢያ ይነበብና ውስጡ ያለው በአንድና በዜሮ ይዘረዘራል፤ ለአንድ ፊደል ስምንት መስመር። የመጀመሪያዎቹ ስድስት መስመሮች 01100110 ናቸው፤ ሰባተኛው 00111100፣ ስምንተኛው ባዶ። ዜሮዎቹ ተሰርዘው አንዶቹ ሲቀሩ ሁለት ቋሚና ክብ ታች ይታያል። ሀ ሊሆን ይችላል፤ የእንግሊዝኛው ዩም ሊሆን ይችላል፤ በስምንት ነጥብ ሁለቱ መንትያ ናቸው። ቀጣዩ ስምንት መስመር ያው ነው፣ አራተኛው ብቻ 01100111 ይላል፤ በቀኝ ወገቡ ላይ አንድ ጭረት ወጥቷል። በሦስተኛው ቅርጽ ላይ ጭረቱ ከወገብ ወደ ታች ወርዷል።

ሀ፣ ሁ፣ ሂ። ካርዱ ገና አልተሰካም።